አዲስ አበባ ያለው ኮርስ

እንግሊዝኛን ውጭ አገር ሄዶ ለማስተማር ሰርተፊኬት ይጠየቃል፤ ሰርተፊኬቱን የሚሰጡት ኮርሶች ደግሞ እንደ ጉንዳን ብዙ ናቸው። እኔ ከብዙዎቹ ሦስት አስቀርቼ ነበር። አንዱ በስልክ በአራት ሳምንት የሚያልቅ ነው፤ ቪዲዮ ታያለህ፣ ጥያቄ ትመልሳለህ፣ ተማሪ የሚባል ፍጡር በዓይንህ ሳታይ አስተማሪ ትሆናለህ። ሁለተኛውም በኢንተርኔት ነው፤ ግን ስድስት ወር ይፈጃል፣ በየሳምንቱ ሥራህን የምታርምልህ ሴትዮ አለች። ሦስተኛው አዲስ አበባ ነው። አንድ ወር ሙሉ ክፍል ገብተህ ትማራለህ፣ ከሰዓት በኋላ እውነተኛ ተማሪዎች ፊት ቆመህ ታስተምራለህ፣ ከኋላ አንድ ሰው ተቀምጦ ስህተትህን ይለቅማል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይባላል፤ እኔ ሦስት ዛፍ ሥር ቆሜ ወደ ላይ እያየሁ ከረምኩ።

ስሜ ሰብለ ነው። ደንቢያ ተወልጄ፣ ጎንደር መምህርነት ተምሬ፣ ጥቂት አስተምሬ፣ ደሞዙ ከወር እስከ ወር አላደርስ ሲለኝ ካርቱም የመጣሁ ነኝ። አል-ማንሺያ ሲት ዘኪያ ቤት እሠራለሁ። ለልጆቿ እንግሊዝኛ አስጠናለሁ፣ ልብሳቸውንም እተኩሳለሁ። ለእንግዶቿ ስታስተዋውቀኝ «የልጆቹ አስተማሪ» ትላለች፤ እንግዶቹ ሲሄዱ ሳህኑን የሚያጥበው ማን እንደሆነ ግን ለማንም አትናገርም። ክፉ ሴት አይደለችም። ብቻ እኔ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ሰው ቤት መተኮስም በቃኝ። የኮሌጅ ጓደኛዬ ቬትናም ገብታ ታስተምራለች፤ ሰርተፊኬቱን ያዢና ነይ ብላኛለች።

ከሦስቱ ልቤ ያለው አዲስ አበባው ላይ ነበር፤ ምክንያቱ ደግሞ ትምህርቱ አልነበረም። ከአዲስ አበባ ደንቢያ አውቶቡስ አለ። እናቴን በቀለችን ካየኋት ሰባት ዓመት አልፏል፤ ቬትናም ከገባሁ በኋላ ደግሞ መቼ እንደማያት እሱ ያውቃል። ኮርሱን ሰበብ አድርጌ እናቴን አይቼ ልሄድ ነበር ሐሳቤ።

እናቴ ግን ስልክ አታነሳም ነበር። ስደውል የሚያነሳው ወንድሜ በላይነህ ነው። «ጠበል ገብታለች» ይላል። «እዚያ ኔትወርክ የለም። ደህና ናት፤ ሰላም በላት ብላለች።» ጉልበቷን ስለሚያማት ጠበል መግባቷ አልገረመኝም። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፤ አሁንም ጠበል ናት። ጉልበት ቀርቶ ተራራ ቢሆን በዚያ ሁሉ ጠበል ይሟሟል አልኩ ለራሴ። ከዚያ በላይ አላሰብኩም። ማሰብ የምፈልግ አይመስለኝም።

ዓርብ የዕረፍት ቀኔ ነው፤ እዚህ ኩብሪ የሚሉትን ድልድይ ተሻግሬ ወንዙ ማዶ ባሕሪ እትዬ ማዘንጊያ ቤት እውላለሁ። ማዘንጊያ የእናቴ የአክስት ልጅ ናት፤ ግን በአንድ ቤት ነው ያደጉት፣ እህቴ ነው የምትላት። ካርቱም ሃያ ምናምን ዓመት ኖራለች፣ ባሕሪ ገበያ በርበሬና ሽሮ የምትሸጥበት ትንሽ ሱቅ አላት። የእሷ ቤት ለእኔ ቤተሰቤ፣ እሷ ደግሞ ወቃሼ ነበረች። ከስታችኋል፣ አላገባችሁም፣ ጸጉራችሁን አልተሠራችሁም፣ እያለች ብቻዬን ስሆን እንኳ በብዙ ቁጥር ትሰድበኝ ነበር። ያን ሰሞን ስድቡ ቆመ። ከወጡ ደህናውን ሥጋ ወደ እኔ ትገፋለች፣ ጀርባዬን ትዳብሳለች። እውነቱን ለመናገር ስድቧ ናፈቀኝ።

ዓርብ ምሳ አብሮን የሚበላው ጋሼ ጀምበሬም ተለወጠ። ጋሼ ጀምበሬ ባሕሪ ኢንዱስትሪ ሰፈር ብረት በያጅ ነው፣ የእድራችን ሰብሳቢም እሱ ነው፤ በመዶሻ በማይመታ ነገር አያምንም። አንድ ዓርብ ምሳ ላይ ስለ ኮርሶቹ ሳነሳ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እኔን ከጠየቅሽኝ የስልኩ ይሻልሻል» አለ። «ብድግ ብሎ አዲስ አበባ መሄድ ምን ይሠራል? እዚሁ ሆነሽ ጠዋሊ፣ ወዲያው ጨርሰሽ ወረቀትሽን ትይዢያለሽ፤ ኻላስ፣ አለቀ።»

«ባለፈው ወር በስልክ የተማረ በስልክ ይብላ አላሉም እንዴ ጋሼ?»

«ዘመኑ ተለውጧል።»

«በአንድ ወር?»

«ዘመን እኮ አሁን ቶሎ ቶሎ ነው የሚለወጠው፣ ወላሂ» አለና ወደ ማዘንጊያ አየ። ማዘንጊያ ወደ ወጡ አየች። «መቼ ነው ግን የሚያልቀው፣ የስልኩ?» አለች ቀስ ብላ። አራት ሳምንት አልኳት። አንገቷን ነቀነቀች፤ የምትቆጥር ትመስላለች።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሉ የለ። እኔ አልጠረጠርኩም።

በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ሰልፍ ተጠራ። ሰልፍ በተጠራ ቁጥር ወታደሮቹ ኩብሪዎቹን በኮንቴይነር ይዘጋሉ፤ መዋሰላት፣ ታክሲና አውቶቡሱ ሁሉ፣ ይቆማል፣ አንዱ ካርቱም ሌላውን አያየውም። ዓርብም እንደተዘጋ ይቆያል ተብሎ ስለነበር ማዘንጊያ ራሷ ደውላ «አትምጪ ልጄ፣ እዚያው ዕረፊ» አለችኝ። ዓርብ ጠዋት ግን አንዱን ኩብሪ ከፈቱት። ሲት ዘኪያ ዘመዶቿ ጋ ሄዳለች፣ ቤቱ ጭር ብሏል፤ ብቻዬን ከምውል ብዬ ግማሹን በእግሬ ግማሹን በባለሦስት እግሩ ራክሻ ባሕሪ ደረስኩ።

የማዘንጊያ ግቢ በር ጋ ስደርስ የቄስ ድምፅ ሰማሁ። ቆምኩ። ግንቡ አጭር ነው፣ ድምፁ ጥርት ብሎ ይወጣል። «አዕርፍ እግዚኦ ነፍሰ አመትከ ወለተ ሩፋኤል» አለ።

ወለተ ሩፋኤል የእናቴ የክርስትና ስም ነው። የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም፤ ካርቱም ውስጥ ያን ስም የምናውቅ እኔና ማዘንጊያ ብቻ ነን። ለሞተ ሰው ደግሞ ካልሆነ በቀር ነፍሷን አሳርፍ ተብሎ አይጸለይም። የአርባ ቀኗን ጸሎት እያደረጉ ነበር። ኩብሪ ተዘግቶ እኔ የማልመጣበትን ዓርብ መርጠው።

ምንም አልተሰማኝም። ይህን የምለው ጠንካራ ለመምሰል አይደለም፤ በእውነት ምንም አልተሰማኝም። ሲቀመጡበት ቆይተው የደነዘዘ እግር እንደሚሆነው፣ እንዳለ ያውቁታል፣ ቢቆነጥጡት ግን የሌላ ሰው ነው። አንድ ራክሻ አለፈ፣ ሹፌሩ ልውሰድሽ አለኝ፣ አይ አልኩት። ጸሎቱ እስኪያልቅ ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ በሩን አንኳኳሁ።

ማዘንጊያ ስትከፍት ፊቷ አመድ መሰለ። «ኩብሪው ተዘግቶ የለም እንዴ?» ነው ያለችኝ፤ ደህና ነሽ ወይ እንኳ አላለችም።

«ከፈቱት።»

«እ... ዝክር ነው እኮ። የኪዳነ ምሕረት።»

ኪዳነ ምሕረት ካለፈች ሳምንቷ ነበር። «እንኳን አደረሳችሁ» አልኩና ገባሁ። የቄሱን መስቀል ተሳለምኩ፣ ዳቦ ሰጡኝ፣ በላሁ። ጋሼ ጀምበሬ ስለ ናፍጣ መጥፋት ብዙ አወራ፤ ማንም ሳይጠይቀው።

በእኛ ዘንድ ሞት እንደ ሰላምታ በስልክ አይነገርም። አገር ለቆ ብቻውን ያለ ሰው መርዶው የሚነገረው ሰው ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ የሚይዘው ክንድ ባለበት ነው። ፈተና ወይም ትልቅ ጉዳይ ከፊቱ ካለ ደግሞ እስኪጨርስ ይያዝለታል። ማሩ የሚባል የጋሼ ጀምበሬ ሠራተኛ አባቱ የሞተ ጊዜ ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ እስኪወጣለት ብለን መርዶውን ስንት ጊዜ ይዘንለታል። አባቱ ለምን ስልክ አያነሳም ሲለን «ሸበካ የለም»፣ ኔትወርክ ጠፍቷል፣ እንበለው ብዬ መላ ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም። ሰብለ ኮርስ ልትጀምር ነው፤ ሳትጨርስ አይነገራት ተብሏል። አዲስ አበባ እንዳትሄድም ያ ሁሉ ምክር የመጣው እናቴን ልይ ማለቴ ስለማይቀር ነው።

ወደ አል-ማንሺያ ስመለስ በመንገድ ላይ ይህን አሰብኩ፤ እንዲህ ያለ ሒሳብ ሰው በጤናው አያስብም። የአራት ሳምንቱን ከመረጥኩ እናቴ ከወር በኋላ ትሞታለች። የስድስት ወሩን ከመረጥኩ እስከ ክረምት ትኖራለች፤ ጠበል ናት፣ ደህና ናት፣ ሰላም ብላኛለች። አዲስ አበባን ካልኩ በዚህ ሳምንት ትሞታለች። ኮርስ መምረጥ እናቴ የምትሞትበትን ቀን መምረጥ ሆነ።

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ። እኔ አንጀቴን ፈልጌ አጣሁት። የሲት ዘኪያን ልጆች አስጠናሁ፣ ሸሚዝ ተኮስኩ፣ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ የሦስቱን ኮርሶች ገጽ እየከፈትኩ እዘጋለሁ። የተማሪዎች አስተያየት አነባለሁ። አንዱ «ሕይወቴን የለወጠ ኮርስ» ብሎ አምስት ኮከብ ሰጥቷል። ወንድሜ ጋ ደወልኩ፤ «ጠበሉ ተስማማት?» አልኩት። «በጣም» አለ። ድምፁ ተሰበረ። ቶሎ ዘጋሁለት፤ አሳዘነኝ።

የስድስት ወሩን መረጥኩ። ለምን አልመርጥም? እናቱን ስድስት ወር የሚጨምርለት ኮርስ ያገኘ ሰው ማን አለ? ዓርብ ለማዘንጊያ ነገርኳት። ቡላ እያማሰለች ነበር። እጇ ቆመ።

«ስድስት ወር?»

«አዎ። ጥሩ ነው አሉ፤ ቀስ ብሎ ነው።»

«ይረዝማል ልጄ።»

«የምማረው እኔ፣ ምን አስረዘመብሽ?»

«አይ፣ እኔማ... ይረዝማል ብዬ ነው» አለችና ማማሰሉን ቀጠለች። ቡላው አርሮ ነበር። ማዘንጊያ በሕይወቷ ምግብ አሳርራ አታውቅም። ያን ቀን አዲስ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ ነበር፤ ለማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ለምን እንደሚረዝምባት የገባኝ ማክሰኞ ነው። ሲት ዘኪያ ባሕሪ ልብስ ሰፊ ጋ ላከችኝ። ማክሰኞ ባሕሪ ወጥቼ ስለማላውቅ ሰላም ልበላት ብዬ ወደ ማዘንጊያ ሱቅ አቀናሁ። ከማዶ ሆኜ አየኋት። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች፤ ጥቁር ሻሽ፣ ጥቁር ቀሚስ፣ በዚያ ሙቀት ጥቁር ሹራብ። በርበሬ ጆንያዎቹ መሃል ተቀምጣ ደንበኛ ይጠራታል፣ አትሰማም። አንዲት ሱዳናዊት ጎረቤቷ ሻይ አምጥታ እጇን ይዛ አስጨበጠቻት።

የቆመ መኪና ኋላ ተደበቅሁ። ሳላናግራት ተመለስኩ።

ሁለት ወር ሙሉ ሱቋ ውስጥ ጥቁር ለብሳ፣ ዓርብ እኔ ስመጣ አውልቃ ቢጫ ስትለብስ ኖራለች። ያጣችው አብራት ያደገችውን ሴት ነው። አንድ ጊዜ እንኳ አፏን ከፍታ አላለቀሰችም፤ ጎረቤት ይሰማል፣ ጎረቤት ለሰብለ ይነግራል። ሆድ ይፍጀው ብላ ለቅሶዋን እኔ ኮርስ እስክጨርስ አስቀምጣዋለች። እኔ ደግሞ እናቴን ስድስት ወር አኖርኩ ብዬ እሷን ስድስት ወር ልቀብራት ነበር። ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ አፈርኩ። ከዚያ የአርባ ጸሎት ወዲህ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር ይኸው እፍረት ነው።

በዚያው ማታ አዲስ አበባ ላለው ኮርስ ተመዘገብኩ። ቅዳሜ ጠዋት ለቃለ መጠይቅ እንደሚደውሉልኝ ጻፉልኝ።

ዓርብ ምሳ ከተበላ በኋላ፣ ጋሼ ጀምበሬም ባለበት፣ ነገርኳቸው። «መርጫለሁ። የአዲስ አበባውን። በሚመጣው ሳምንት እሄዳለሁ፤ መጀመሪያ ደንቢያ ወርጄ እናቴን አያለሁ።»

ጋሼ ጀምበሬ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ማዘንጊያ ቢጫ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ደጋግማ አስተካከለች።

«ቆርጠሻል?» አለ ጋሼ ጀምበሬ።

«ቆርጫለሁ።»

«እንግዲያው ዛሬ እዚህ እደሪ» አለ። «ለሴትዮዋ እኔ እደውልላታለሁ።»

«እሺ» አልኩ። ለምን ልደር አላልኩም። ማዘንጊያ ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኖቻችን ተገናኙ፣ ሁለታችንም ቶሎ ወደ መሬት አየን። ያወቅሁ መሆኔን ያን ጊዜ ሳታውቅ አልቀረችም።

ጎህ ሲቀድ መጡ። ቀድሜ ነቅቼ ፊቴን ታጥቤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። የእድሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ፣ ወንዶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ጋሼ ጀምበሬ ስለ አዳም ልጅ ሁሉ ጀመረ፣ የማይቀር መንገድ ነው አለ፣ ትንሽ ዞረ። «እናትሽ አርፋለች ልጄ» አለ።

ማዘንጊያ ጮኸች። የሁለት ወሩን በአንድ ጊዜ ለቀቀችው። ደረቷን እየመታች «በቀለች! በቀለችዬ! እኔ ልቅደም ስልሽ!» እያለች ወደቀች። ሊይዙኝ የመጡት ሴቶች ትተውኝ እሷን ያዙ። እኔም አብሬ ያዝኳት። ከባድ ናት። ማልቀስ እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ ፊቴን ለማጨማደድ ሞከርኩ፣ አልሆነም። «መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ፤ ነገሩኝ። «ተሠቃየች?» አልኩ፤ አልተሠቃየችም አሉ። እንዲህ ነው የሚባለው።

ፀሐይ ወጣች። ሴቶቹ እኔን እያዩ ይንሾካሾኩ ጀመር። «ዓይኗ ደረቀ እኮ።» «አልቅሺ እንጂ ልጄ፤ ወደ ውስጥ ከገባ ይገድላል።» ማዘንጊያ ራሷ ለቅሶዋን አቁማ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። «አልቅሺ» አለችኝ። ልታዘዛት ፈለግሁ፤ አልቻልኩም።

ስልኬ ጠራ። አንዷ ተዉት አለች። ጋሼ ጀምበሬ ግን የአገር ቤት ቁጥር መሆኑን አይቶ «ወንድሟ ይሆናል፤ ስጧት» አለ።

«ሰላም፣ ሰብለ ነሽ?» አለ አንድ ሰው በእንግሊዝኛ። «ጥዑመልሳን እባላለሁ፤ ከማሠልጠኛው ነው የምደውለው። ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ ዝግጁ ነሽ?»

ዝግጁ ነኝ አልኩት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። አፌ ብቻውን ይሠራ ነበር፤ ለሲት ዘኪያ ልጆች የማነብበት ድምፅ ነው የወጣው፣ ልስልስ ያለ፣ የተተኮሰ። ለቀስተኛው ሁሉ እንግሊዝኛ ስናገር አፉን ከፍቶ ያየኛል።

«ብዙ የኢንተርኔት ኮርሶች አሉ፤ ይረክሳሉም» አለ። «ለምን የእኛን መረጥሽ?»

«ፊት ለፊት መሆን ያለበት ነገር አለ» አልኩት። «በስልክ አይሆንም።»

«ጥሩ መልስ ነው» አለ፤ ሲጽፍ ይሰማኛል። ሁለት ሌሎች ነገሮች ጠየቀኝ፣ መለስኩ። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር፣ «ለመዝገባችን ነው፤ ብትታመሚ ወይም አንድ ነገር ብትሆኚ አገር ቤት የምንጠራልሽ ሰው ማን ነው?» አለኝ።

ከትምህርት ቤት ጀምሮ ይህን ሲጠይቁኝ አንድ ስም ነው የምሰጠው። አሁንም ልሰጠው አፌን ከፈትኩ።

«እናቴ» አልኩ። በአማርኛ ነው የወጣው።

«በእንግሊዝኛ፣ እባክሽ» አለ በትሕትና።

«እናቴ» አልኩ። እንደገና «እናቴ» አልኩ። ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻልኩም። የደነዘዘ እግር ደም ሲገባበት እንደሚያመው አመመኝ፤ ከእግር ጥፍሬ እስከ ራሴ። የምጮኸው እኔ መሆኔን ያወቅሁት ጉሮሮዬ ሲቃጠል ነው። የምትጠራልኝ ሰው ሞታለች። ብታመም የሚጠሩት የለም።

«እሰይ!» አለች ማዘንጊያ፤ በእንባዋ መሃል ደስ ብሏት። «እሰይ፣ አለቀሰች! እሰይ ልጄ!» ሴቶቹ ሁሉ ከበቡኝ፣ ለቅሶው እንደገና ተነሣ።

ስልኩ አሁንም እጄ ላይ ነበር። ጥዑመልሳን አልዘጋም። ሐበሻ ነው፤ ያ ድምፅ ምን እንደሆነ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። በአማርኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ» አለኝ።

ጋሼ ጀምበሬ ስልኩን ከእጄ ወሰደና ጆሮው ላይ አደረገው። ማን እንደሆነ አልጠየቀውም። «ሠልስቷ ይለፍና ደውል ልጄ» አለው። «ትመጣለች፤ እኔ ራሴ አሳፍራታለሁ።» ስልኩን ዘግቶ መሬቱ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ።